ከጥቁሩ ሰሌዳ ጠርዝ ያለፈው ቃል

ገንዳ ውሃ፤ ጥቅምት ፭ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.

ትናንት ማታ በሽንፋ መንገድ በሚገኘው በአቶ ፈረደ እርሻ ላይ፣ ታጭዶ ነዶው እንዲደርቅ በሂላ ተከምሮ የቆመው ሰሊጥ በእሳት እንደ ጋየና፣ ከሂላው ሥር ተኝቶ ይጠብቅ የነበረው ደረበ የተባለው ዘበኛ ከነብርድ ልብሱ ተቃጥሎ እንደ ሞተ፣ ጎረቤቴ ገና ፊቴን ሳልታጠብ ከደጄ ቆሞ ሲነግረኝ፣ እኔ አስቀድሜ ያሰብሁት፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝና፣ ስለ ሟቹ ነፍስ ሳይሆን ነገሩን ማን ይጽፈው ይሆን የሚለውን ነበር።

ዳኛው የጎንደር መንገድ ከተዘጋ ወዲህ አልተመለሱም። ስለዚህ ነገሩ ወደ ሽማግሌ ይመጣል፤ ሽማግሌም አውጫጭኝ ይጠራል፤ አውጫጭኝም ጸሐፊ ይሻል። በዚህ ቆላ ደግሞ ቅኔ ዘልቆ፣ ዕድሜውን ሙሉ አማርኛ ሲያስተምር የኖረ፣ ከእኔ በቀር ሌላ ሰው መኖሩን አልሰማሁም።

ወደ ማታ ፈረደ ራሱ መጣ። የሰሊጥ አምራቾች ማኅበሩ ሊቀ መንበር ነው፤ ከደጄ መድረስ ግን አይንቅም። «የኔታ፣ አንቱ ካልጻፉት ነገሩ ክብር የለውም» አለኝ።

ደኅና አድርጎ ያውቀኛል።

ጥቅምት ፰

አውጫጭኙ ከባምባው ዛፍ ሥር ተቀመጠ። የእርሻው የቀን ሠራተኞች፣ ትራክተር ነጂው፣ የካምፑ ወጥ ሠሪዎች፣ በመንገድ ዳር ሻይ የሚያፈሉትም ሳይቀሩ፣ ነገሩ እስኪወጣ ድረስ ማንም ወደ ቤቱ እንዳይሄድ ተብሎ እንደ አገሩ ልማድ ተሰበሰቡ። በይፋ ለመናገር የፈራ ሰው ለአንድ ሽማግሌ በጆሮው ሹክ ይላል፤ ሽማግሌውም የተናጋሪውን ማንነት ሳይገልጥ «ወፍ እንዲህ አለች» ብሎ ለጉባኤው ያሰማል።

ወፏ የተናገረችው በአንዱአምላክ ላይ ነው። ለአጨዳ ከጎጃም የወረደ የቀን ሠራተኛ ነው፤ ከሟቹ ጋር በመኝታ ቦታ ተጣልቶ «እሳት ይብላህ» ብሎታል፤ በዚያው ምሽትም ክብሪት ይዞ በሂላው አጠገብ ታይቷል ተባለ። ሰውዬው ከጉባኤው መካከል በሁለት ጓደኞቹ ተደግፎ ተቀምጦ ነበር። ሆዱ ተነፍቷል፤ ፊቱ እንደ አመድ ነው። የሰማው አልመሰለኝም።

በዚህ ጊዜ ሙባረካ ተነሣች። የሱዳን ጦርነት ያባረራት፣ ከመንገዱ ዳር ዳስ ጥላ ሻይ የምትሸጥ ሴት ናት።

«ወላሂ እዋሻችሁ አልዋሽም» አለች። «ይሄ ልጅ ሁማ ይዞት እያንቀጠቀጠው ከኔ ዳስ ነው ያደረው። ከመግሪብ እስከ ፈጅር ጨርቅ እያራስሁ ግንባሩ ላይ ሳደርግ ነው ያነጋሁ። በየትኛው እግሩ ሄዶ ነው የሚያቃጥለው?»

«ሙባረካ፣ ሻይ ብቻ መስሎን፤ አልጋም አለሽ ለካ» አለ አንዱ ከኋላ፤ ሕዝቡም ሳቀ።

«አንተ ከመጣህማ ትኋኑም ቤቱን ይለቃል» አለችው፤ ሳቁም ወደ እርሱ ዞረ።

ከዚያም እጇን ዘርግታ ማለች። አማርኛዋ የተሰባበረ ነው፤ ነገሯ ግን አልተሰበረም።

አንድ ወጥ ሠሪ ትራክተሩ በዚያ ምሽት ጭስ ማውጫው ተነቅሎ ፍንጣሪ እየተፋ በሂላው ዳር ሲመላለስ እንደ ነበር መናገር ጀምሮ ነበር። ፈረደ «አውጫጭኝ የሚጠራ በሰው ላይ ነው፤ በብረት ላይ አይደለም» ብሎ አስቆመው። ይህን አልጻፍሁትም፤ ከነገሩ ሥርዓት ውጭ ነበርና።

አንዱአምላክን የደም ሽማግሎች እስኪመጡ ድረስ በማኅበሩ መጋዘን ዘጉበት።

ጥቅምት ፲

ዛሬ ቀኑን ሙሉ በማኅበሩ ቢሮ ከሀብትነሽ ጋር ዋልሁ። ሀብትነሽ የማኅበሩ ጽሕፈት ሠራተኛ ናት፤ ጣቷ ፈጣን ነው፤ ምላሷም እንደዚያው። እኔ በቁርጥራጭ ወረቀት አርቅቄ እሰጣታለሁ፤ እርሷ ወደ ኮምፒውተሩ ታስገባዋለች፤ ገብቶ ሲያበቃም ረቂቁን እንደ ልማዴ አቃጥለዋለሁ፤ ያልታረመ ጽሑፍ ከደራሲው በኋላ መቅረት የለበትም ብዬ አምናለሁና።

ኮምፒውተሩ ክረምት ላይ መብረቅ ከመታው ወዲህ ሥዕሉም ማውዙም ጠፍቶ፣ ነጭ ፊደል ብቻ የሚታይበት ጥቁር ሰሌዳ ሆኖ ቀርቷል። ማተሚያውም ቀለም የለውም፤ ቀለሙ ከጎንደር ነው የሚመጣው። ስለዚህ የተጻፈው ሁሉ የሚነበበው ትእዛዝ እየተጻፈለት ከዚያው ከሰሌዳው ላይ ነው። አንደኛው ትእዛዝ ፋይሉን በሙሉ፣ እንደ ተቀደደ ጆንያ ሰሊጥ፣ ሳያቆም ያፈሰዋል። ሁለተኛው ሰሌዳው ሲሞላ ቆሞ፣ ቁልፍ እስኪነካለት ድረስ እንደ ጨዋ ዲያቆን ይጠብቃል። ሦስተኛው ስም ሲሰጡት፣ ከፋይሉ ውስጥ ያ ስም ያለበትን መስመር ብቻ ለቅሞ ያወጣል። ቀላል ነገር ነው፤ ልቡና የለውም፤ የታዘዘውን ያሳያል።

ጠባችን የተነሣው የጻፍሁትን ባሳየችኝ ጊዜ ነው። የእኔ ዐረፍተ ነገር፣ ምክንያቱን ከውጤቱ፣ ክሱን ከመልሱ ሳይነጥል፣ እስከ አራት ነጥቡ ድረስ በአንድ ትንፋሽ የሚሄድ ነው፤ ማሽኑ ግን ከሰሌዳው ጠርዝ ሲደርስ ቃሉን ከወገቡ እየሰበረ ወደ ታች ይጥለዋል። «አንዱ» ከላይ፤ «አምላክ» ከታች ወድቆ አየሁት።

«ይህ ምንድን ነው?» አልኋት። «የክርስትና ስም እንደ ሸንኮራ አገዳ ይሰበራል?»

«የኔታ፣ ስክሪኑ ያንን ያህል ነው የሚይዘው። አንቱ አጠር አጠር ቢያደርጉት...»

«ሀሳብ ማሳጠር የማይችል ሰው ዐረፍተ ነገር ያሳጥራል» አልኋት። እጅ ለመንሣት የገቡት ሁለት የማኅበሩ ሰዎች ሳቁ። ፊቷ ቀላ። ነገሬ እንዳማረ ስላወቅሁ ጨመርሁበት፦ «ቃልን መቁረጥ የሥጋ ቤት ሥራ ነው፤ የቢሮ አይደለም።»

ትእዛዙ ላይ አንድ ነገር ጨመረች። ከዚያ በኋላ መስመሩ አልተሰበረም፤ ቀጥ ብሎ ሄዶ ከሰሌዳው ቀኝ ጠርዝ አልፎ ተሰወረ።

«ይኸው አይሰበርም» አለች። «ግን ጠርዙን ያለፈው አይታይም። ለማየት የቀኝ ቀስቱን መጫን አለበት። የማያውቅ ሰው ያለቀ ይመስለዋል።»

«የሚያነብብ ሰው አራት ነጥብ ሳያይ አለቀ አይልም» አልሁ።

እንዲሁ ተወነው። ያማረ ነበር፤ አንድም ቃል ያልተሰበረበት።

ጥቅምት ፲፩

ቸኩያለሁ። የደም ሽማግሎቹ ከአብርሃ ጅራ ነገ ይደርሳሉ። የሟቹ ወገን የመረጣቸው ናቸው፤ በአውጫጭኙ ላይ አልነበሩም፤ ምስክርም ዳግም አይጠሩም፤ የተጻፈውን ብቻ ሰምተው ይፈርዳሉ። እንግዲህ ሁሉ ነገር በእኔ ብዕር ላይ ነው። ነጭ ኩታዬ ታጥቧል።

ጥቅምት ፲፪

ሦስቱ ሽማግሎች በቢሮው አግዳሚ ወንበር ተቀመጡ። የሟቹ የደረበ ሁለት ወንድሞች በበሩ ቆሙ። ፈረደ አጭር ጸሎት ካስደረገ በኋላ «ሁሉን ማንበብ ሽማግሌ ማድከም ነው፤ የአንዱአምላክ ስም ያለበትን ብቻ አውጪው» ብሎ ሀብትነሽን አዘዛት። ስሙን ጻፈች፤ አንድ መስመር ወጣ። ስሙ ያለው በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ብቻ ነበርና፤ ክሱንም መልሱንም በአንድነት የያዘው ያ ነው።

ፈረደ ራሱ ቃሉን እየጎተተ አነበበው፦ «ከጎጃም የመጣው አንዱአምላክ ከሟቹ ጋር ተጣልቶ እሳት ይብላህ ብሎ ዝቶ ክብሪት ይዞ በሂላው ሥር ታየ»

ሰሌዳው እዚያ ላይ አበቃ። ፈረደም በድምፁ አራት ነጥብ አደረገበት።

ከዚያ በስተቀኝ፣ በማይታየው በኩል፣ እንዲህ የሚል እንዳለ እኔ አውቃለሁ፤ «ቢባልም፣ ሙባረካ የተባለችው ሴት ከጀንበር ጥልቀት እስከ ንጋት በትኩሳት ታሞ ከዳሷ እንዳልወጣ በጉባኤው ፊት በመሐላ አጽንታለችና፣ የወፏ ቃል ደጋፊ አጥቶ ወድቋል።» የመጨረሻው ሐረግ በተለይ የተዋጣ ነው።

ሀብትነሽ «ጋሼ ፈረደ፣ መስመሩ ገና...» ብላ ጣቷን ወደ ቀስቱ ሰደደች። በዕድሜ የሚበልጡት ሽማግሌ በዚያው ቅጽበት ወደ እኔ ዘወር ብለው «የኔታ፣ ይህ የአንቱ ቃል ነው?» አሉ። ያን ዕለት በሀብትነሽ ላይ ከሳቁት ሰዎች አንዱ ከጥግ ቆሞ ነበር፤ ሲያየኝ አየሁት።

«ቃሉ የእኔ ነው» አልሁ። እውነት ነው። ለሀብትነሽም «ሽማግሌ ሲነጋገር ጣትሽን ሰብስቢ» አልኋት።

ሰበሰበች።

ፈረደ፣ በባምባው ሥር ሙባረካን በጆሮው የሰማው ፈረደ፣ ጫማውን ይመለከት ነበር።

ጥቅምት ፲፫

አንባቢ እስከ ፍጻሜው የመታገሥ ግዴታ አለበት። ይህን ሳስተምር ኖሬአለሁ። የታገሠ የለም። ጥፋቱ የአንባቢ ነው።

እህል አልበላ አለኝ። ሙቀቱ ይመስለኛል።

ጥቅምት ፲፮

ሀብትነሽ ቤቴ ድረስ መጣች። አልተቀመጠችም።

«የኔታ፣ አንድ ቁልፍ ነው» አለች። «አንቱ ቃል ይበሉኝና ሽማግሎቹ ሳይሄዱ ልጥራቸው። እኔ ብቻዬን ብናገር ጽሕፈት ሠራተኛ ናት፣ ከሠራተኞቹ ጋር ነገር ይዛለች ይሉኛል። አንቱ ግን አልቋል ብለው ነው የተሳሳቱት ቢሉ ይሰማሉ።»

«ማን ተሳሳተ?» አልኋት።

«ስክሪኑ ይበሉ፤ እኔ ይበሉ፤ የፈለጉትን ይበሉ። ሰውዬው ይውጣ።»

እዚህ ላይ፣ ስሕተት በማሽኑ ነው ማለት ማሽኑን ያዘዘውን መጠየቅ እንደሚያመጣ፣ ያዘዘውም ማን እንደ ሆነ በምስክር ፊት የታወቀ መሆኑን፣ የእኔ ስም ደግሞ ለዚህ አገር ከአንድ አላፊ አጫጅ የሚበልጥ ነገር መሆኑን፣ በለዘበ ቃል ላስረዳት ሞከርሁ።

«ሙባረካን አልሰሙም?» አለች። «ትናንት ከቢሮው በር መጥታ ዘበኛ መለሳት። ዛሬ ጠዋት ከስደተኞቹ ጋር በጭነት መኪና ጭነው ወሰዷት። ወዴት እንደሆነ የሚያውቅ የለም። አሁን የቀረው የአንቱ ዐረፍተ ነገር ብቻ ነው።»

ከሄደች በኋላ ደጃፉ ላይ ለጎረቤቴ «አንጀት የላቸውም፤ ሰዋስው ብቻ ነው ያላቸው» ስትል ሰማሁ። አነጋገሩ ከእርሷ ያልጠበቅሁት ነው።

ጥቅምት ፳፩

የአንዱአምላክ እህት ስርጉት ከሞጣ በኩል መጣች። መንገዱን በምን እንዳለፈችው አልጠየቅሁም። ወደ መጋዘኑ ምግብ ወስዳ ነበር፤ ዘበኛው ተቀብሎ ወንድሟን ግን አላሳያትም፤ በቀዳዳ ድምፁን ሰምታለች።

«የኔታ፣ አንድ ጡት የጠባን ነን» አለችኝ። «የሚያቃጥል ልጅ አይደለም፤ እሱ በጉ ሲታረድ እንኳ ከቤት የሚወጣ ነው። አንዲት ሻይ የምትሸጥ ሴት ስለሱ ምላለች ብለውኛል። እኔ ፊደል አላውቅም። ተጽፎ እንደሁ እሱን ብቻ ይንገሩኝ።»

«ሁሉም በሥርዓቱ ተጽፏል» አልኋት። ይህም እውነት ነው።

ጉልበቴን ልትስም ጎንበስ አለች፤ እግሬን ሰበሰብሁ።

ጥቅምት ፳፬

ፈረዱ። አንዱአምላክ ለሕግ ይሰጥ ዘንድ ወደ ጎንደር እንዲወሰድ፣ አጅበው የሚወስዱትም የደረበ ወንድሞች እንዲሆኑ። መንገዱ እንደ ተዘጋ ከሽማግሎቹ የማያውቅ አልነበረም። ከቆመው ሰው የማያውቅ አልነበረም። አንዱ «መልካም መንገድ» አለ።

የሚወጡት ነገ ጧት ነው። እኔም፣ ነገሩ እዚህ ከደረሰ ዘንድ፣ ከመውጣታቸው አስቀድሜ ሄጄ በሽማግሎቹ ፊት ለመናገር ቈርጫለሁ። ነገር ግን ሰው ዝም ብሎ እየሮጠ ሄዶ «ቀስቱን ተጫኑት» አይልም። ስለ ሕግና ስለ ትርጓሜው፣ ስለ ፊደልና ስለ መንፈሱ፣ ከጥንት ጀምሮ ጸሐፍት በአንባቢ ቸልተኝነት ስለ ተበደሉት በደል የሚያወሳ መግቢያ ያስፈልገዋል፤ ከመግቢያውም ቀስ በቀስ፣ ማንም ሳይነቀፍ፣ ወደ ነገሩ ይወረዳል። ይህንኑ ለማሰናዳት ተቀምጫለሁ። መግቢያው እጅግ ሠምሮልኛል። የሚያስቸግረኝ መውረጃው ነው።

ጥቅምት ፳፭

ቀደሙኝ። ሳይነጋ ነው የወጡት።

ንግግሩ አራት ገጽ ሆኗል። ወደ ነገሩ አልደረሰም።

ጥቅምት ፳፯

ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ በባጃጅ ተሳፍሬ ነበር። ነጂው ከጎኑ ካለው ጋር ይጫወታል።

«ያ ጎጃሜ ጎንደር ደረሰ?»

«ደርሷል፤ በአቋራጭ።»

«ስንት ሰዓት ፈጀበት?»

«እስከ ወንዙ ድረስ ብቻ ነው በእግሩ የሄደው።»

ከዚያ እኔን በመስታወት አይቶ «ይቅርታ የኔታ፣ አንቱን አላየሁም» አለ። ከቤቴ ፊት ለፊት በትሕትና ወርዶ እጄን ይዞ አሻገረኝ።

ኅዳር ፪

ፈረደ ጠራኝ። ከሟቹ አገር፣ ከጎጃም ማለቴ ነው፣ የአሁኑ ሟች ማለቴ ነው፣ ሽማግሎች መጥተው የተጻፈውን ሊሰሙ ነው አሉ። ስርጉትም ሳትሰማ አልሄድም ብላ ከቢሮው በር ተቀምጣለች።

«የኔታ፣ ሽማግሎቹ የሰሙትና የተጻፈው አንድ ይሁን» አለኝ። «ጅራት ያለው ነገር ጠብ ያመጣል። ደግሞ አንቱ 'ቃሉ የእኔ ነው' ብለዋል፤ ሰው ሁሉ ሰምቷል።»

ሀብትነሽን አዘዛት። ጅራቱን በመቁረጥ ፈንታ ወንበሯን ወደ ኋላ ገፍታ ተነሣች።

«እስካሁን የነበረው የስክሪኑ ጥፋት ነው ሊባል ይችላል» አለች። «ከዚህ በኋላ ያለው ግን የሰው ነው። እኔ እጄን አላገባም።» የቢሮውን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ፣ ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች። በበሩ ስታልፍ እኔን አላየችም። ጥላዋን ረስታ ነበር፤ ተመልሳ ሳትወስዳት ቀረች።

አማርኛ በስንፍና ተይዟል የምል እኔ፣ አንዲት ጽሕፈት ሠራተኛ በሁለት ዐረፍተ ነገር እንዲህ ማለቷን ሌሊቱን ሙሉ ሳሰላስል፣ በውስጡ አንድም ትርፍ ቃል አላገኘሁም።

ኅዳር ፭

ዛሬ በማኅበሩ ቢሮ ብቻዬን ገብቼ ከኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጥሁ። ትእዛዞቹን ከሀብትነሽ ትከሻ በላይ እያየሁ ሳላውቀው ተምሬአቸው ኖሯል። ፋይሉን ከፈትሁ፤ ያንን መስመር አገኘሁ፤ የቀኝ ቀስቱን ተጭኜ እስከ መጨረሻው ሄድሁ፤ በዚያም የሙባረካን መሐላ፣ ትኩሳቱን፣ ዳሱን፣ ወድቋል የሚለውን ማሠሪያ አንብቤ፣ ማንም ሳያነብበው እንደ ቀረ እጅግ አዘንሁ፤ ምክንያቱም፣ ያለ ትምክሕት ለመናገር፣ ከጻፍኋቸው ሁሉ የተሻለው ነው። ከዚያ ወደ ኋላ እየተመለስሁ፣ ፊደል በፊደል፣ «ታየ» ከሚለው ቃል እስክደርስ ድረስ አጠፋሁት። ከ«ታየ» ቀጥሎ አራት ነጥብ አደረግሁ።

ሀብትነሽ አጠር አድርጉት ብላኝ ነበር። ምክርን በጊዜው አለመስማት የሽምግልና ድካም ነው፤ ዘግይቶም ቢሆን መስማት ግን ጥበብ ነው።

ዳግመኛ ባሳየሁት ጊዜ መስመሩ ከጠርዙ ሳይደርስ አለቀ። ምንም አልተሰበረም፤ ምንም አልተሰወረም፤ ምንም ቁልፍ መንካት አላስፈለገም።

ስርጉት እንድትገባ አስጠራሁ። ነጠላዋን ዘቅዝቃ ለብሳለች። ከአጠገቤ ቆማ፣ የማታነብበውን ሰሌዳ ዐይኗን ሳትነቅል እያየች፣ «ይኸ ነው?» አለች።

«ይህ ነው።»

«ያንብቡልኝ፤ እስከ መጨረሻው ድረስ። ቢያንስ ንጹሕ እንደ ነበር ሰምቼ ለናቴ ልንገራት።»

ድምፄን አስተካክዬ አነበብሁላት። ትንሽ ነበር፤ ወዲያው ደረስሁ። እርሷ ግን መጠበቋን ቀጠለች፤ ዐይኗ በመስመሩ ላይ ተጉዞ፣ ፊደሉ ከሚያበቃበት አልፎ፣ ባዶውን ጥቁር እስከ ጠርዙ ድረስ ሄደና እዚያው ቆመ።

«ቀሪውስ የኔታ?»

«አለቀ» አልኋት።